ሽማግሌዎቹ ረቡዕ ደረሱ

መሄጃቸው ማክሰኞ ነበር። ባጃጅ ተይዞ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ካለች ሻይ ቤት ደጅ ቆመው ሳለ፣ ከሻለቃ ዘሚካኤል ዘንድ አንድ ጋሪ ነጂ መልእክት ይዞ መጣ። «ዛሬ የለሁም፤ ነገ ኑ ብሏል» አላቸው። አቶ እንድሪያስ የሁለቱን ጓደኞቻቸውን ፊት አይተው «ይሁን፤ አንድ ቀን ምን አላት» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ልጃቸው አደይ ይህን ስትሰማ ንዴት ያዛት፤ ግን ለመናደድም ጉልበት ያስፈልጋል። ከሽንዲ ፍኖተ ሰላም ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጅቶባታል፤ በየኬላው ከመኪና እየወረደች፣ ሆዷን እያሳየች፣ «ለምርመራ ነው፤ ሆስፒታል ነው» እያለች። የሽንዲ ሰዎች የላኳትም ለዚሁ ሆዷ ነበር። ወንድ ቢልኩ አንዱ ወገን ባያስረው ሌላው ያስረዋል፤ እርጉዝ ሴትን ግን ሁሉም ያሳልፋታል። «ዓይናችን ነሽ» ነበር ያሏት። «ሽማግሌዎቹ የሚሉትን፣ እሱም የሚመልሰውን አይተሽ ንገሪን።» ተናገሪ ያላት አልነበረም።

ቀኑ በከንቱ እንዳያልፍ ብላ ሆስፒታል ሄደችና እውነትም ተመረመረች። ሐኪሟ በማሽን አይታ ሰባተኛ ወሯን እንደያዘች፣ ልጁም ደህና እንደሆነ ነገረቻት። «ብዙ መንገድ አትሂጂ» ብላ መከረቻት። አደይ «እሺ» አለች።

የመጡበት ጉዳይ እንዲህ ነው። አምና ክረምት፣ በዚህ አገር መሣሪያ ያነሱት ሦስት ወገኖች ሽንዲ ካለችበት ከወምበርማ ሕዝብ ጋር ተስማምተው ነበር፤ የቡሬዎቹ፣ የፈረስ ቤቶቹና የሻለቃ ዘሚካኤል ሰዎች። ስምምነቱ አጭር ነው። ወምበርማ ባለበት ከወንዙ ማዶ ጥይት አይተኮስም። የሽንዲ ገበያ እንደ ወትሮው ይውላል፤ ጤና ጣቢያውም ቁስለኛውን የማን ወገን ነህ ሳይል ያክማል። ለዚህ ቃል ዋስ የሆኑት አቶ እንድሪያስ ናቸው። የቡሬ ሰው ሆነው ልጃቸውን ለሽንዲ ስለዳሩ በሁለቱም በኩል ታመኑ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው «ቃሉ ቢፈርስ እኔን ያዙ» ብለዋል።

አሁን ጥቅምት ገብቷል። ወንዙ ጎድሏል፣ በእግር ይሻገሩታል። ሻለቃ ዘሚካኤልም እሻገራለሁ ብሏል። ሁለቱ አጋሮቹ ይህን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። እሱ ከተሻገረ መከላከያው ይከተለዋል፤ ከተከተለው ደግሞ እዚያ ብቻ አይቀርም፣ እነሱ እህልና መድኃኒት የሚያስገቡበት መንገድ ሁሉ ይዘጋል። ግን ተው ብለው ሊያዙት አይችሉም፤ አጋር ናቸው እንጂ አለቃው አይደሉም። ስለዚህ ሽማግሌ ላኩ።

ለአደይ ጉዳዩ ከዚህም ያነሰ ነበር። ቤቷ ከሽንዲ ገበያ ጥግ ነው። ሁለት ልጆቿ አሁን እዚያ ናቸው። ባሏ ይታገሱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ይሠራል። ሻለቃው ሲሻገር መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ጥግ ነው።

ረቡዕ ማለዳ ባጃጁ ውስጥ ተጣበው ገቡ። አደይ በአባቷና በመሪጌታ ክንፈሚካኤል መካከል ተቀመጠች። መሪጌታ የፈረስ ቤቶቹ የላኳቸው፣ ቅስናም ያላቸው ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ ድምፃቸው ግን ከሰውነታቸው የሚበልጥ። ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ደጀኔ ነው። የቡሬዎቹ «የግንኙነት ኃላፊ» ይባላል። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ሽማግሌ ሦስት ይሁን ስለተባለ ነው የተጨመረው።

«እንግዲህ እንዳንረሳው» አሉ መሪጌታ። «እህል ሲያቀርብልን አንቀምስም። ቃሉን ሳይሰጠን ውሃም አንጎነጭም። ያለው እናቱ ቤት ነው፤ እናቱ ደግሞ መነኩሴ ናቸው። ሽማግሌ እህላቸውን ረግጦ ሲወጣ ዝም ብለው አያዩም።»

ደጀኔ ዞር አለ። «እኛ ይሄን ፕሬዠር ማድረግ እንለዋለን፣ መሪጌታ።»

«ምን ማድረግ?»

«ጫና።»

«እኛ እህል አለመቅመስ ነው የምንለው» አሉ መሪጌታ፣ «አባቶቻችንም እንዲያው ነው ያሉት። ነገር ያበረዱበት ነው።»

አቶ እንድሪያስ መንገዱን ያያሉ። ከአምና ወዲህ ለስንተኛ ጊዜ እንዲህ ባለ መንገድ እንደሚሄዱ አደይ መቁጠር ትታለች። ጥምቀት አካባቢ ሄደው ነበር፣ ከፋሲካ በኋላም ሄደዋል። በሄዱ ቁጥር አንገታቸው እየቀጠነ፣ ጋቢው እየሰፋቸው መጥቷል።

ባጃጁ ከአስፋልቱ ወርዶ እስከሚችልበት ወሰዳቸው፤ የቀረውን በእግር ሄዱ። የጤፉ ማሳ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢቆይ የሚታጨድ። የሚያጭደው ሰው የት እንዳለ አደይ ግቢው ሲደርሱ አየች። በረት ሥር፣ አጥር ሥር፣ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጧል፤ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ። ሦስት በቅሎዎች ታስረዋል። አንዷ ኮርቻ ተጭኖባታል።

ሻለቃ ዘሚካኤል እስከ አጥሩ በር ወጥቶ ተቀበላቸው። ቀጭን፣ ፂሙን በሥርዓት ያስተካከለ፣ አደይ ከጠበቀችው ያነሰ ሰው ነው። የመሪጌታን መስቀል ተሳለመ፣ የአባቷን ትከሻ ጎንበስ ብሎ ሳመ፣ ደጀኔን በእጁ ጨበጠ። አደይን በዓይኑ ብቻ አልፏት «ይህችስ?» አለ።

«ልጄ ናት» አሉ አቶ እንድሪያስ። «ሽንዲ ያገባችው።»

«እ፣ የማዶ ሰው» አለና ወደ ቤት አስገባቸው።

ተቀመጡ ሲላቸው አልተቀመጡም። ከበሩ ውስጥ እንደ ገቡ ቆሙ። እሱም አላስገደዳቸውም፣ አብሯቸው ቆመ።

መጀመሪያ ደጀኔ ተናገረ። የተላከበትን በቃሉ ይዞታል። «ትብብራችን ስትራቴጂያዊ እንደሆነ እናምናለን። ነገር ግን የውጊያ ቀጣናው ያለ ምክክር መስፋቱ በአጋሮች ዘንድ ከፍተኛ ስጋት ፈጥሯል። ይህንኑ ስጋት ለመግለጽ ነው የመጣነው።»

«ስጋታችሁን ተረድቻለሁ» አለ ዘሚካኤል። «ለላኩህ ተረድቷል በላቸው።»

«ተረድተህ ትተወዋለህ ወይስ ተረድተህ ትሻገራለህ?» አሉ መሪጌታ።

«ተረድቼ እሻገራለሁ።»

ከውጭ አንድ ሰው ሳቀ። ዘሚካኤል አልሳቀም። ወደ አቶ እንድሪያስ ዞረና፣ በትዕግሥት፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው ተናገረ። «አባቴ፣ እኔ እዚህ ሁለት ክረምት ምሽግ ውስጥ ከርሜያለሁ። ያለው ኃይል ሁሉ እኔ ላይ ነው የተደፋው። የወምበርማ ሰው በቆሎውን ሸጦ ቤቱ ይተኛል። ማዶ እሳት ካልነደደ ከእኔ ላይ የሚነሳልኝ የለም። እናንተ ስጋት ትሉታላችሁ፤ ለእኔ መተንፈሻ ነው።»

«ከአንተ ላይ ተነስቶ እነሱ ላይ ይውደቅ ነው የምትለው» አሉ አቶ እንድሪያስ።

«ጦርነት ነው።»

«እነሱ ጦርነት ውስጥ አይደሉም። እንዳይገቡ ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ።»

«ዋስነትዎን አውርጄልዎታለሁ።»

«አንተ አታወርደውም ልጄ። ያሸከሙኝ እነሱ ናቸው።»

ዘሚካኤል በበሩ አሻግሮ በቅሎዎቹን አየ። መሪጌታ ጊዜው እንደ ደረሰ ገባቸውና ቀና አሉ። «እንግዲያው ስማ። ቃልህን ሳትሰጠን ከዚህ ቤት እህል አንቀምስም፣ ውሃም አንጠጣም። እንዲህ እንደ ቆምን እንውላለን።»

ሻለቃው ያዘነላቸው በሚመስል ድምፅ፣ «መሪጌታ» አላቸው፣ «ዛሬ ረቡዕ ነው።»

መሪጌታ ወደ አቶ እንድሪያስ ዞሩ።

«እኔስ ብሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን አቀርብላችኋለሁ? ራሳችሁ ጾመኞች ናችሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናቴ ታቀርባለች፤ ያን ጊዜ እምቢ ትላላችሁ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። እስከዚያ ተቀመጡ፣ እግራችሁ ይረፍ።» ብሎ ወጣ።

አደይ ማክሰኞ የመጣው ጋሪ ነጂ ትዝ አላት። ዛሬ የለሁም፣ ነገ ኑ። ዘሚካኤል ጠመንጃ ከመያዙ በፊት ድቁና የተቀበለ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል፣ በየትኛው ቀን ባዶ እጁን እንደሚሆንም ያውቃል። መሪጌታ በሕይወታቸው ረቡዕን ረስተው አያውቁም። ዛሬም አልረሱትም፤ ማለዳ ተነስተው ጸሎታቸውን አድርሰዋል፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሻይ ሲቀርብላቸው በእጃቸው መልሰዋል። ጾሙን ከነገሩ ጋር ያገናኘው ግን አልነበረም። ያልቀረበላቸውን ማዕድ እምቢ ሊሉ ይህን ሁሉ መንገድ መጡ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ምን ያድርጉ። አባቷ ግድግዳ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መሪጌታ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዳዊት ይደግማሉ፣ ወይም ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ደጀኔ ስልኩን ወደ መስኮቱ አንስቶ ኔትወርክ ይፈልጋል።

አደይ ወገቧ ስላላስቀመጣት ወደ ደጅ ወጣች። ሁለተኛዋ በቅሎ እየተጫነች ነበር። የሚጭናት ሰውዬ ጎልማሳ ነው፤ የበሶ ስልቻ በአንድ በኩል፣ የጥይት ሳጥን በሌላው በኩል እያመዛዘነ ያስራል።

«ወዴት ነው ጉዞው?» አለችው።

ሆዷን አየና ድምፁን አለዘበ። «ወደ ታች ነው፣ እህቴ።»

«መቼ?»

«ከስምንት ሰዓት ወዲያ አንቆይም።»

ተመልሳ ገባችና አባቷ አጠገብ ተንበረከከች። «አባዬ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሊነሱ ነው።»

አቶ እንድሪያስ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ዘጠኝ ሰዓት ይድረስና እንናገራለን» አሉ።

«ዘጠኝ ሰዓት ለማን ነው የሚናገሩት? ለበቅሎዎቹ ፋንድያ?»

«ሥርዓት አለው ልጄ።»

«ሥርዓቱን እሱም ያውቀዋል። ከእናንተ ይልቅ ያውቀዋል።»

መሪጌታ ከዳዊታቸው ቀና ብለው አዩዋት። ደጀኔ «እስቲ ዝግ በይ» አለ፤ ከሽማግሌዎቹ ይልቅ እሱ የተደፈረ ይመስል ነበር። አደይ ከተንበረከከችበት ቁጭ አለች። ድካሙ ከእግሯ ተነስቶ ወደ ላይ እየመጣ ነው። ከትናንት ማታ ወዲህ አልበላችም። የነፍስ አባቷ ለእርጉዝ ተፈቅዷል ብለዋታል፤ ማለዳ ያልበላችው ሽማግሌዎቹ ስላጣደፏት ነው።

ከጓዳ እማሆይ ወለተ ሐና ብቅ አሉ። የሻለቃው እናት ናቸው። አጭር፣ ቆባቸው እስከ ቅንድባቸው የወረደ፣ እግራቸውን ጎተት እያደረጉ የሚሄዱ። ሽማግሌዎቹን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ዓይናቸው አደይ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ፊቷን፣ ከዚያ ሆዷን፣ ከዚያ መልሰው ፊቷን።

«አንቺ ልጅ፣ በልተሻል?»

«አልበላሁም፣ እማሆይ።»

«እንዴት ዝም ትያለሽ? እናንተስ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? እርጉዝ ሴት ጾሟን ታስኬዳላችሁ?» ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እማሆይ ጓዳ ገብተው በሣህን እንጀራ፣ በላዩ ትኩስ ሽሮ፣ በሌላ እጃቸው አንድ ጣሳ አጥሚት ይዘው ተመለሱ። «ለአንቺ ተፈቅዷል። ብዪ።»

ሽሮው ነጭ ሽንኩርት ሸተተ። የአደይ አፍ ውሃ ሞላ፤ እጇ በራሱ ተዘረጋ። ሣህኑን ከተቀበለች በኋላ ነው ነገሩ የገባት። ከዚህ ቤት ዛሬ እህል የቀረበላት እሷ ብቻ ናት። እምቢ ማለት የምትችለውም እሷ ብቻ ናት።

ይህን ባላወቀች ወደደች። በጣም ርቧታል።

ሣህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «አልበላም፣ እማሆይ።»

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። ልጅዎ ወንዙን አልሻገርም ብሎ ቃል እስኪሰጥ አልበላም። ውሃም አልጠጣም።»

«አደይ» አሉ አባቷ።

«ይሄ አልተነጋገርንበትም» አለ ደጀኔ። «አንቺ የልዑኩ አባል አይደለሽም።»

«አይደለሁም» አለች። «ልጆቼ ሽንዲ ናቸው፣ እማሆይ። ቤቴ ገበያው ጥግ ነው። ልጅዎ ዛሬ ሲሄድ እዚያ ነው የሚሄደው። የእርስዎን እህል በልቼ እንዴት ብዬ ቤቴ እገባለሁ?»

እማሆይ ሣህኑን አዩ፣ እሷን አዩ። እርጉዝ እህል ሸቷት ሳትቀምስ ከቤታቸው ልትወጣ። ስንት ልጅ ወልደዋል፣ ስንት አዋልደዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር በቤታቸው ሆኖ አያውቅም። ክርክር አልገቡም። ቀስ ብለው ወጡ፤ ድምፃቸው ከደጅ ተሰማ። የሚጮሁ ሴት አይደሉም፣ ግን ግቢው ሁሉ ዝም ብሎ ነበር።

«ዘሚካኤል። ነፍሰ ጡር በቤቴ እህል እምቢ ብላ ተቀምጣለች። በአንተ ነው አለች። ና አስበላት።»

ገባ። ከአደይ ፊት ቁጢጥ አለ። «ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። አንተ ነህ ያስተማርከኝ፣ ረቡዕ ጠርተኸን።»

አንተ ማለቷን መሪጌታ ሰምተው ተቁነጠነጡ። ሻለቃው ግን ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። «ባልሽ ምን ይሠራል?»

«ጤና ጣቢያ ነው። ባለፈው መስከረም ከሰዎችህ የሁለቱን ቁስል ያሰረው እሱ ነው። አንዱ ይሄይስ ይባላል አለኝ።»

ዘሚካኤል ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። በሩ ላይ ያ በቅሎ የሚጭነው ጎልማሳ ቆሟል፤ ከኋላው ሌሎች። ይሄይስ እዚያ ይኑር አይኑር አደይ አላወቀችም።

«በገዛ ፈቃድሽ ነው የምትራቢው» አላት። «እኔ አልከለከልኩሽም። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ብትቆዪ አትሞቺም።» ተነሳ። «ጫኑ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ምንድን ነው?» አለ።

ጎልማሳው ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ። «ሻለቃ፣ እኔ ፈርቼ አይደለም። ይህችን እንዲህ አስቀምጠን ከዚህ ደጅ ብንነሳ ገድ የለውም።»

«የምን ገድ?»

«ያው ገድ ነዋ። የእኔም ሚስት እንዲሁ ናት፤ ሰባት ወር ሆኖኛል ካየኋት። እርጉዝ ተርባ ከተቀመጠችበት ደጅ ተነስቶ የዘመተ አይቀናውም። ትብላና እንነሳ። በልታ ከሆነ እኔ ፊት ፊት እሄዳለሁ።»

ከኋላው የቆሙት እሱን አልተቃወሙም። አንዱ «እውነቱን ነው» አለ፤ ሌላው የተጫነችውን በቅሎ ጭነት ማላላት ጀምሯል። ዘሚካኤል እነሱን ቆሞ አያቸው። ጥይት ሲዘንብ የማያፈገፍጉ ሰዎች ናቸው፤ እሱም ያውቃል። አሁን ቢቆጣ ይሄዱለታል፣ ግን እየሰጉ ይሄዳሉ። እየሰጋ ወንዝ የሚሻገር ሰው ምን እንደሚሆን ከእነሱ ይልቅ ለእሱ ይታወቀዋል።

እናቱ ከአደይ ጎን መጥተው ተቀመጡ። «እኔም አልበላም» አሉ። «ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን፣ ነገም ቢሆን።»

«እማሆይ፣ እርስዎ ደግሞ።»

«ምን አልኩህ? ምንም አላልኩህም።»

የአደይ ሆድ ጮኸ፤ ቤቱ ሁሉ ሰማው። ሻለቃው ግንባሩን በመዳፉ አሸ። እዚህ ቤት የደከመችው እሷ ብቻ እንዳልሆነች አደይ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች፤ ቢሆንም አላዘነችለትም።

«ጨርሶ አልሻገርም አልልም» አለ በመጨረሻ። «እንዲያ ብል ውሸት ነው፣ ውሸት መሆኑንም ሁላችሁ ታውቃላችሁ። በዚህች ሴት ግን ሰዎቼ ገድ አበጅተዋል። እንግዲህ እስክትወልድ አልሻገርም። ይበቃል?» ወደ አደይ ዞረ። «ስንተኛ ወርሽ ነው?»

የሐኪሟ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ሰባተኛ ወር ማለት መውለጃዋ ጥር ነው ማለት ነው።

«አምስተኛዬ ነው» አለች። «የካቲት ነው የምወልደው።»

ዘሚካኤል ሆዷን አየ። እሱ ምን ያውቃል፤ ልጅ የለውም። ወደ እናቱ ዞረ። «እማሆይ፣ እውነቷን ነው?»

እማሆይ ወለተ ሐና እጃቸውን ዘርግተው የአደይን ሆድ ዳሰሱ። ጣቶቻቸው ደረቅና እርግጠኛ ነበሩ። ከጎን፣ ከታች፣ ከዚያ ጠጠር ብሎ ከወጣው ላይ። ልጁ መዳፋቸውን በእግሩ መታው። የአሮጊቷ ዓይን ቀና ብሎ የአደይ ዓይን ውስጥ ገባ፣ ጥቂት ቆየ።

«አዎን» አሉ እማሆይ። «አምስት ነው። ትልቅ ልጅ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው የካቲት» አለ ሻለቃው።

መሪጌታ ጊዜ አላባከኑም። መስቀላቸውን አውጥተው ፊቱ ዘረጉ። «እስከ የካቲት ኪዳነ ምሕረት በል። ዕለቱን ጥራ።»

«እስከ የካቲት ኪዳነ ምሕረት» አለና ሳመው። ከዚያ ለበሩ ሰዎች «አራግፉ» ብሏቸው በመካከላቸው አልፎ ወጣ።

አደይ በላች። ሽሮው በርዶ ረግቷል፣ እንጀራው ጠርዙ ደርቋል። እማሆይ ሁለተኛ ጨመሩላት፣ እሱንም በላች። ሽማግሌዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጠበቁ፤ ማዕድ ሲቀርብ መሪጌታ ባርከው ሦስቱም ቀረቡ፣ እማሆይም ጓዳቸው ገብተው ጾማቸውን ፈቱ። ሲሸኟት ለአደይ ስንቅ ብለው ቆሎ ቋጠሩላት፤ ስለ ወሩ አንድም ቃል አልተነፈሱም። በረቡዕ ቀን ስለ ዋሹት ለማን እንደሚናዘዙ የእሳቸው ጉዳይ ነው።

በመልሱ መንገድ ደጀኔ ኔትወርክ አገኘ። እየተራመደ ለላኩት ሰዎች በድምፅ ይቀዳል። «ልዑካኑ ባደረጉት ያላሰለሰ ጥረት፣ የቀጣናው መስፋት እስከ የካቲት አጋማሽ እንዲዘገይ ከስምምነት ላይ ተደርሷል።» መሪጌታ ከኋላው እየሰሙ «እህል አለመቅመሱንም ጨምርበት» አሉት። ደጀኔ ጨመረበት።

አደይና አባቷ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ጤፉ አሁንም ግራና ቀኝ ተኝቷል። ነገ ከነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ ማጭድ ይዘው ይወርዱ ይሆናል፤ ወይም አይወርዱም።

«እኔ እኮ» አሉ አቶ እንድሪያስ፣ መሬት መሬት እያዩ፣ «ለእናትሽ ሁለት ወር ሆኖኛል ያልሻት ሰኔ መግቢያ ላይ መስሎኝ ነበር።»

«ተሳስተዋል፣ አባዬ።»

ጥቂት ሄዱ።

«ልክ ነሽ» አሉ። «ተሳስቻለሁ።»

በልቧ ታሰላስላለች። ጥር ላይ ልጁ ሲወለድ ወሬው ወንዙን መሻገሩ አይቀርም። ያለ ወሩ ተወለደ ይባላል፤ ይታገሱ የጤና ባለሙያ ነው፣ ይህን ቢናገር የሚያምነው አያጣም። ቃሉ ደግሞ በኪዳነ ምሕረት ነው የተገባው። እስከዚያ እህሉ ይወቃል፣ ጎተራ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሽማግሌ ይላካል፣ አባቷም ይሄዳሉ፣ ጋቢውም ይበልጥ ይሰፋቸዋል። እሷ ግን ያን ጊዜ እርጉዝ አትሆንም።

ባጃጁ ከወረዱበት ቦታ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሹፌሩ መሪውን ተደግፎ ተኝቷል። ከአስፋልቱ ሳይደርሱ አደይ የቆሎውን ቋጠሮ ፈታች። እንደገና ርቧታል።